ድምፅሽንም ውልሽንም ጠብቂ

ልጄ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ወጥተሽ ዘፈን ልትጀምሪ መሆኑን ሰማሁ። ከመጀመርሽ በፊት የሳም ኩክን ሕይወት ላጫውትሽ። አሜሪካውያን ሶል የሚሉትን ሙዚቃ ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። በ1931 ሚሲሲፒ ተወልዶ ቺካጎ ያደገ የሰባኪ ልጅ ነበር። የእሱን ዓመታት የምነግርሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1. ተማሪ። በ1957 «ዩ ሴንድ ሚ» የተሰኘው ዘፈኑ በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ድንገት የበቀለ ዘፋኝ መስሎት ነበር። እሱ ግን ከዚያ በፊት ሶል ስተረርስ ከሚባል የመዝሙር ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲዘምር ዓመታት አሳልፎ ነበር። መጀመሪያ በቡድኑ ከእሱ በፊት የነበረውን ታላቁን ዘማሪ አር. ኤች. ሃሪስን ሊመስል ይሞክር ነበር። ልብ የሰረቀው ግን ጉሮሮውን ሳያስጨንቅ አንዷን ፊደል ከፍ ዝቅ እያደረገ በራሱ መንገድ ማዜም ሲጀምር ነው።

2. ስምሽን አትደብቂ። በ1956 ዓለማዊ ዘፈን ሲሞክር የመዝሙር ወዳጆቹ እንዳይቀየሙት «ዴል ኩክ» በሚል ስም ሸክላ አወጣ። ያን ድምፅ ግን ማን ያጣዋል! ወዲያው ታወቀበት። አንቺ የምትሻገሪ ከሆነ በገሃድ ተሻገሪ፤ የንስሐ አባትሽንም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ አንቺው አማክሪያቸው።

3. ለገንዘብ ብለሽ ክብርሽን አትልቀቂ። በ1961 ሜምፊስ ላይ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልዘፍንም አለ። በጥቅምት 1963 ሽሪቭፖርት ውስጥ ቀድሞ ክፍል ከያዘበት ሆቴል መለሱት፤ ዝም ብሎ ስላልሄደ ታሰረ። በጥር 1964 «አ ቼንጅ ኢዝ ጎና ከም»ን ቀረጸ። ሬኔ ሆል በኦርኬስትራ አቀናበረለት፤ ዘፈኑም የጥቁሮች የመብት ትግል መዝሙር ሆነ። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

4. ሌሊት ከዘመድ ጋር ሁኚ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 ሎስ አንጀለስ በአንድ ሞቴል ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ 33 ዓመቱ ነበር። የመረመሩት ሰዎች ራስን ለመከላከል የተደረገ ነው አሉ፤ ቤተሰቡ ግን አላመነም።

5. ከሁሉ በላይ ውል። ሳም በዚህ ረገድ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነበር። ከጄ. ደብልዩ. አሌክሳንደር ጋር የግጥምና የዜማ መብት የሚይዝ ድርጅት ነበረው፤ ኤስ ኤ አር የተባለ የሸክላ ኩባንያም አቋቁሞ ቦቢ ዎማክንና ወንድሞቹን ለሕዝብ አስተዋወቀ። ሆኖም በ1963 ማኔጀር አድርጎ የያዘው አለን ክላይን ቅጂዎቹን የሚያስተዳድር ትሬሲ የሚባል ኩባንያ መሠረተ። ስሙ የሳም ልጅ ስም ነው፤ ባለቤቱ ግን ክላይን ነበር። ሳም ሲሞት ያ ሁሉ ድካም በማኔጀሩ እጅ ቀረ። ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ገና የምትጀምሪው አንቺ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብሽ አስቢ። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዛሬ በአንድ ፊርማ የምትሰጪው የልጆችሽንም ነው። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) ማን ዘንድ ይቀመጣል፣ ውሉ መቼ ያበቃል ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በቃል አትቀበዪ፣ በጽሑፍ ይስጡሽ። ጠበቃ ሳያነበው ደግሞ እባክሽ እንዳትፈርሚ።