ሐዘን፣ ጭልፊትና አንባቢ፦ ከጥናት ክበባችን የቀረበ ትምህርት

በዲስከቨሪ ጋርደንስ የሚሰበሰበው የጥናት ክበባችን በቅርቡ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ለሁለት ተከፈለ። መጽሐፉ የሄለን ማክዶናልድ «ኤች ኢዝ ፎር ሆክ» ነው። ርእሱ የልጆች ፊደል ማስቆጠሪያ ይመስላል፤ በእኛ «ጭ፣ ጭልፊት» እንደማለት ነው። ከመካከላችን ገሚሱ እያለቀሰ ጨረሰው፤ ገሚሱ ግማሽ ሳይደርስ ዘጋው። ክርክሩ የጣዕም ልዩነት ብቻ እንዳልነበረ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጽሐፉ ምን ይላል?

በ2007 የማክዶናልድ አባት፣ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺው አሊስደር ማክዶናልድ፣ በድንገት ሞቱ። ማክዶናልድ አዳኝ ወፎችን መግራት ከልጅነት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሐዘኑ ሲከብዳቸው ጎስሆክ የምትባል፣ ለመግራት አስቸጋሪ የሆነች የጭልፊት ዓይነት ገዙ። ማቤል ብለው ስም አወጡላትና በር ዘግተው፣ ከሰው ርቀው ከእርሷ ጋር መኖር ጀመሩ። ከዚሁ ታሪክ ጎን ለጎን እንግሊዛዊው ደራሲ ቲ. ኤች. ዋይት በ1930ዎቹ እንዲህ ያለ ወፍ ለመግራት ሞክረው እንዴት እንዳልሆነላቸው ይተረካል። መጽሐፉ በ2014 ታትሞ በዚያው ዓመት የሳሙኤል ጆንሰን ሽልማት አገኘ።

2. አንባቢዎች ለምን ተለያዩ?

ሽልማቱ ሁሉንም አላስማማም። በክበባችን የተነሡት ተቃውሞዎች በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛ፣ የዋይት ታሪክ በየመካከሉ እየገባ ሐዘኑን ያቋርጠዋል። ሁለተኛ፣ ወፏ ጥንቸል ስትገድል በዝርዝር ማንበብ ይከብዳል፤ የዱር ፍጥረትን ለሰው መጽናኛ ብሎ ማሰርም ተገቢ አይደለም። ሦስተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ «አባት ሞቶ ወፍ ማስታመም የተደላደለ ሰው ሐዘን ነው» የሚል ነበር። በእኛ አገር ጭልፊት ጫጩት ነጣቂ ናት፤ እናቶቻችን ድንጋይ ያነሡባት ነበር እንጂ በክንዳቸው አላስቀመጧትም።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው፣ መጽሐፉ ሐዘንን ሳያሳምር አሳይቷል፤ ሐዘንተኛ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ያገኘውን ይይዛል አሉ። የምንኖርበትን አገርም ጠቀሱ። ጭልፊት ማሠልጠን በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከአስመዝጋቢዎቹ አንዷ ነበረች። አቡዳቢ ከ1999 ጀምሮ የጭልፊት ሆስፒታል አላት፤ ከ2002 ጀምሮም ጭልፊቶች የራሳቸው ፓስፖርት ይሰጣቸዋል። የመኖሪያ ፈቃዳችን ሊያልቅ የቀረውን ቀን ለምንቆጥር ተማሪዎች ይህ መሳቂያ ሆነ። ሆኖም አንድ ሕዝብ ከወፍ ጋር ያለውን ፍቅር ሁሉ ቅብጠት ማለት እንደማይቻል ተስማማን።

3. ፈረሱና ጭልፊቷ

በእርግጥ እንስሳ በሐዘናችን ውስጥ ቦታ የለውም? አለው። የጥንት ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ወጥቶ በለቅሶው መካከል ይጎተት ነበር፤ አስለቃሿም ሟቹን በፈረሱ ስም ትጠራዋለች። ባለቤት የሌለውን ኮርቻ ያየ ሁሉ ያለቅሳል።

ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፈረሱ ሐዘኑን ወደ አደባባይ ያወጣል፣ ጭልፊቷ ሐዘንተኛውን ከአደባባይ ታሸሻለች። ክርክራችን ስለ እንስሳ ይመስል ነበር እንጂ በመሠረቱ «ሐዘን የማን ነው? የአንድ ሰው ወይስ የጎረቤት?» የሚል ነበር።

4. ዝም ያለው ጓደኛችን

እዚህ ላይ ስንደርስ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረ ጓደኛችን ተናገረ። አባቱ ያረፉት እርሱ ፈተና ላይ ሳለ ነው። ቤተሰቡ «ፈተናው ይለፍ» ብሎ ደበቀው፤ አርባው ከወጣ በኋላ በስልክ ነገሩት። ድንኳን የለ፣ እዝን የለ። በማግስቱ ክፍል ገባ።

በዚያው ሰሞን በረንዳው ላይ ርግብ እንቁላል ጥላ ነበር። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣው እንቁላሎቹን የማየት ጉጉት ብቻ እንደነበረ ነገረን። ጫጩቶቹ አድገው የበረሩ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። እኛ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን ይህን የሰማነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «የተደላደለ ሰው ሐዘን» ስንል የነበርነው፣ ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ጭምር፣ የምንለው ጠፋን።

ቤተሰቡ በክፋት አላደረገውም፤ መርዶን ማዘግየት ልማዳችን ነው። ነገር ግን ልማዱን በትክክል እንመልከት። መርዶ በማለዳ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የሚዘገየው ሰው እስኪሰበሰብ ነው እንጂ ፈተና እስኪያልፍ አይደለም። እኛ ማዘግየቱን ይዘን ሰዉን ጣልነው።

5. ሕክምና ምን ይላል?

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም። ሆኖም በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም መዝግቧል፤ ቢያንስ 6 ወር የቆየና የዕለት ኑሮን ያወከ መሆን አለበት። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ለዐዋቂዎች 12 ወር ይላል። ሁለቱም ሐዘኑ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልክ ያለፈ መሆኑ እንዲታይ ያዛሉ። ስለዚህ አርባውንና ሙት ዓመቱን የማያውቅ ሐኪም ሐዘናችንን በሚገባ ሊመዝን አይችልም።

ማክዶናልድም በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደው የድባቴ መድኃኒት ጀምረዋል። በአባታቸው መታሰቢያ ላይ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ባዩ ጊዜም ከሰው መሸሽ መድኃኒት አለመሆኑን ተረድተዋል። መጽሐፉን ከመካከሉ የዘጋን ሰዎች እዚህ ሳንደርስ ነው የፈረድነው።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት ክበባችን በሦስት ነገር ተስማምቷል። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ለቤተሰባችን እዚህ ያለ የአንድ ጓደኛ ስልክ እንስጥ፤ መርዶ ሲመጣ በሰው በኩል፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገር። ሁለተኛ፣ የሰማ ሁሉ በዕለቱ እዝን ይዞ ለቅሶ ይድረስ፤ በአርባውም ተመልሶ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ እንቅልፍና ምግብ የራቀውን ሐኪም ዘንድ ይዘነው እንሂድ፤ ሞትን የሚመኝ ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት፣ ብቻውን ሳንተወው እንውሰደው።

ለውይይት፦
ሀ) ከመጽሐፉ ያስቀየማችሁ ክፍል የትኛው ነው? ለምን?
ለ) ፈረሱ በለቅሶ መካከል የሚሠራውን፣ ዛሬ በስደት ላይ ምን ሊሠራልን ይችላል?
ሐ) አጠገባችሁ ካለው በር በስተጀርባ ያለው ተማሪ እንዴት ነው? ይህኛው መልስ የሚገኘው በሩን በማንኳኳት ነው።