በስምጥ ሸለቆ የወይን ዝርያ መረጣ፦ ለጠጅ፣ ለገበታ ወይስ ለዘቢብ?

ለወይን ጠጅ፣ በጥሬው ለመብላትና ለዘቢብ የሚፈለገው ፍሬ አንድ ዓይነት አይደለም። ለጠጅ የሚመረጠው ፍሬው ትንሽ፣ ስኳሩና አሲዱ የተመጣጠነ ዝርያ ነው፤ የቀይ ጠጅ ቀለም የሚገኘው ከልጣጩ ስለሆነ ትንሽ ፍሬ ከጭማቂው አንጻር ብዙ ልጣጭ ይሰጣል። ለገበታ ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ጠንካራ፣ ጉዞ የሚችል መሆን አለበት። ለዘቢብ ደግሞ ዘር አልባነት፣ ቀጭን ልጣጭና ከፍተኛ ስኳር ይፈለጋሉ፤ 1 ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ጥሬ ወይን ያስፈልጋል።

በካሊፎርኒያ ቶምሰን ሲድለስ የተባለው ዝርያ ለሦስቱም አገልግሎት ውሏል። ይህን አይቶ ዝርያውን በዝዋይ አካባቢ ለመትከል ማሰብ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን እዚህ ተክሉን ቅጠሉን አራግፎ የሚያሳርፍ ብርቱ ብርድ የለም፤ የምርት ዘመኑን የሚወስነው መቀስ ነው። የቶምሰን ሲድለስ የታችኞቹ አንጓዎች ደግሞ ዘለላ እምብዛም አያወጡም። በአጭሩ ከተገረዘ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም፤ ረጅም ቅርንጫፍ ሊተውለት ይገባል። በዝዋይ ለጠጅ ከተተከሉት ዝርያዎች መካከል ሲራህ አጭር ገረዛን ይቀበላል።

ለኢትዮጵያ ከካሊፎርኒያ ይልቅ የሕንዷ ማሃራሽትራ የተሻለ ማነጻጸሪያ ናት፤ የእርሷም ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በዚያ ወይኑ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተገረዘ አንድ ጊዜ ይመረታል። የሚያዝያው ገረዛ ቀጣዩን ምርት የሚሸከሙት እንቡጦች ከዝናቡ ደመና በፊት በፀሐይ ብርሃን እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ የጥቅምቱ ገረዛ ደግሞ ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስል ያስችላል።

ይህ ሥርዓት ለስምጥ ሸለቆ ሲታሰብ ችግሩ ከፍታው ላይ ነው። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ቅዝቃዜው የፍሬውን አሲድ ስለሚጠብቅ ለጠጅ ይበጃል፤ መብሰሉን ስለሚያዘገይ ግን ዘቢቡ የሚሰጣበትን ጊዜ ወደ በልግ ዝናብ ሊገፋው ይችላል። የተሰጣ ወይን ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። ስለዚህ ለዘቢብ ዝቅ ያለና ሞቃት ሥፍራ፣ ወይም እንደ ፍሌም ሲድለስ ያለ ቶሎ የሚደርስና አጭር ገረዛን የሚቀበል ዝርያ አስቀድሞ ሊፈተሽ ይገባዋል።

ጉዳዩ የገበያ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ይዘጋጃል። በማሃራሽትራ ማድረቁን ለማፋጠን ፍሬው በፖታሲየም ካርቦኔትና በዘይት ውሕድ ይነከራል። ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት ለሚጠነቀቁለት አገልግሎት ይህ መንገድ የሚስማማ አይመስልም። ሳይነከር በፀሐይ የሚደርቅ ወይን ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል፤ የዝርያው ቀድሞ መድረስ ከምርቱ ብዛት በፊት የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።