አፈሩ ከኩሬው ግድግዳ ላይ ለምን ተንሸራተተ?

ጥያቄ፦ በአዳማ አቅራቢያ ለአትክልት መስኖ የተቆፈረ ኩሬ ልሙጥ ጂኦሜምብሬን ተነጥፎበት፣ በላዩ ጂኦቴክስታይልና አፈር ለብሶ ነበር። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ጨርቁን ይዞ ወረደ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ መንስኤው ሁለቱ ንጣፎች የሚገናኙበት ገጽ ነው። ውሃ የማያሳልፈው ፕላስቲክ፣ ማለትም ጂኦሜምብሬን፣ ልሙጥ ሲሆን ባለቃጫው ጨርቅ (ጂኦቴክስታይል) የሚቆነጥጠው ነገር ስለማያገኝ፣ የሰበቃው አንግል፣ ይኸውም ጨርቁ መንሸራተት የሚጀምርበት የተዳፋት መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሸካራ ገጽ ያለው ዓይነት ግን ጥቃቅን ጉጦቹ በቃጫው ውስጥ ስለሚሰኩ ከ25 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። 1 ሜትር ሲወርድ 2 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ግድግዳ 27 ዲግሪ ገደማ ስለሚያዘነብል፣ በልሙጥ ፕላስቲክ ላይ አፈር ሊይዝ አይችልም፤ 1 ለ 3 የሆነውም 18 ዲግሪ ስለሆነ አይበቃም። ዝናቡ ደግሞ አፈሩን ያከብዳል፤ መውጫ ያጣው ውሃም ጨርቁን ከፕላስቲኩ ያላቅቃል።

ስለዚህ ግድግዳው 1 ለ 3 ወይም ከዚያ በላይ ለዘብ ብሎ ሸካራው ዓይነት ቢነጠፍበት፣ የንጣፉ ጫፍ በአናቱ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይ ቢቀበርና ለዝናቡ ውሃ መውጫ ቢበጅለት ይመረጣል። የስምጥ ሸለቆው የፑሚስ ጠጠር ስለታም በመሆኑ ከፕላስቲኩ በታችም ጨርቅ ያስፈልጋል። ኩሬው ጥልቅ ከሆነ ወይም ከበታቹ ቤት ካለ፣ እንደገና ከመነጠፉ በፊት የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ በሚገዛው ንጣፍና በቦታው አፈር ላይ የሰበቃ ፍተሻ እንዲያደርግ ይጠየቅ።