ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው

በጭፍራ የገበያ ቀን ነው። ፀጉር ቆራጩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይህን ልጅ ላጭልኝ። ፀጉሩ ሳስቶብኛል። ሁለት ጊዜ አስላጨሁት፤ አልወፍር አለ» አለችው።

«እሺ እህቴ፣ በሦስተኛው ይወፍራል» አላትና ምላጩን አነሣ። ምላጩ ቅድም ሌላ ሰው የተላጨበት ነው።

እኛም አጠገባቸው ቆመን ሰማን። ለመሆኑ መላጨት ፀጉርን ያወፍራል? ይህን ለመመለስ የፀጉርን አበቃቀል እንወቅ።

ሥሩ እና ከላይ የሚታየው

ፀጉር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከቆዳ በታች ያለው ሥሩ ነው። ሥሩ ሕይወት አለው። ምግቡንም ከደም ያገኛል። ሁለተኛው ከቆዳ በላይ የምናየው ነው። ይህ እንደ ጥፍር ጫፍ ሕይወት የለውም። ሲቆረጥ የማያመን ለዚህ ነው።

ሣር ሲታጨድ ማጭዱ ሥሩን አይነካም። ምላጭም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መላጨት ፀጉርን አያወፍርም፤ አያበዛም፤ ቶሎም አያሳድግም። ከተላጨ በኋላ እጅን የሚኮሰኩሰው ቀጭኑ ጫፍ ተቆርጦ ደንዳናው ስለሚቀር ነው። ፀጉሩን አሳድጎ ቅቤ የሚቀባው የአፋር ጎልማሳም ሆነ ቁንጮ የተተወለት የወሎ ልጅ፣ የፀጉራቸው አበቃቀል አንድ ነው።

ሦስቱ ጊዜያት

እያንዳንዱ ፀጉር ሦስት ጊዜያት አሉት።

1ኛ. የማደግ ጊዜ። ይህ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቆያል። ፀጉሩ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል።

2ኛ. የመሸጋገሪያ ጊዜ። ይህ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። ፀጉሩ ማደጉን ያቆማል።

3ኛ. የማረፊያ ጊዜ። ይህ 3 ወር ያህል ነው። ከዚያ አሮጌው ይረግፋል፤ ከዚያው ሥር አዲስ ይበቅላል።

የማሳ እህል አብሮ ይዘራል፤ አብሮም ይታጨዳል። የራስ ፀጉር ግን እንዲህ አይደለም። ራሳችን ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። ከመቶው 85 ወይም 90 የሚሆነው ሲያድግ ሌላው ያርፋል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ በሽታ አይደለም።

ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ ወይም ረሃብ ሲደርስ ግን ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ወደ ማረፊያው ይገባል። ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይረግፋል። ያኔ ሰው «ዓይን በላኝ» ይላል። ዓይን አይደለም፤ ያለፈው ሕመም ነው። ምክንያቱ ከተወገደ ፀጉሩ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ፀጉር ቆራጭ ይህን ለምን ይወቅ?

ፀጉር ቆራጭ የሰውን ራስ ከሁሉ ቀድሞ ያያል። ሦስት ነገር ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ቆረቆር ነው። የቆረቆር ተዋሲያን ሥሩ ድረስ ይገባሉ። ስለዚህ መላጨትና ቅባት ብቻ አያድኑትም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። በማበጠሪያና በቶንዶስ ወደ ሌላው ልጅ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ምላጭ ነው። ምላጭ ላይ በዓይን የማይታይ ደም ይቀራል። በእርሱም ኤች አይ ቪ እና ጉበትን የሚጎዳ በሽታ ሊተላለፉ ይችላሉ። የጉበቱ በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን እንኳ መቆየት ይችላል። በውኃ ማለቅለቅ አይበቃም። ለአንድ ሰው አንድ አዲስ ምላጭ!

ሦስተኛው የምግብ እጥረት ነው። ገንቢ ምግብ ያጣ ልጅ ፀጉሩ ይሳሳል፤ ይቀላል፤ ሳብ ሲያደርጉት ሳያመው ይነቀላል። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና አፋርን በመታ ጊዜ ብዙ ሕፃናትን የጎዳው የምግብ እጥረት ነው።

የዚያች እናት ልጅስ?

ቀረብ ብለን አየነው። ፀጉሩ ቀላ ብሏል። ሁለቱም እግሮቹ አብጠዋል። በጣት ስንጫናቸው ጎድጎድ ብለው ቀሩ። «እናታችን፣ ይህ የምላጭ ጉዳይ አይደለም። ልጁ ምግብ አጥሮታል። ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አልናት።

«እኔ እኮ ፀጉሩ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

ቆራጩ ምላጩን አስቀመጠ። ገንዘቧንም አልተቀበለም። መንገዱን ሊያሳያት ተነሣ።

ጥያቄዎች

1. መላጨት ፀጉርን የማያወፍረው ለምንድን ነው?
2. ወልዳ ሦስት ወር የሆናት ጎረቤታችሁ ፀጉሯ ቢረግፍ ምን ትሏታላችሁ?
3. በምትላጩበት ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ይወጣል? ካልወጣ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።