የዶሮዎቻችሁ ማደሪያ የት ይሁን?



ጥቂት ዕንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ማርባት ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። ዕንቁላሉ ለሕፃኑ ሰውነት ገንቢ ምግብ ይሆናል፤ የተረፈውም ገበያ ወጥቶ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ይውላል። ነገር ግን ማደሪያቸው በደንብ ካልታሰበበት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይደርስ ያሰጋል።

በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጊምቢም ሆነ በነጆ በኩል በየቤቱ ስንዞር ዶሮዎች ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ እናያለን። ለምን ብለን ስንጠይቅ እናቶች «ሸለምጥማጥ ይበላብናል፤ ሌባም ይወስድብናል» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ኩሱ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ጧት ሕፃኑ በዚያው ወለል ላይ ይድሃል፤ እጁንም ወደ አፉ ይሰዳል። በኩሱ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ። ዶሮዋ ደኅና መስላ ሳለች ሕፃኑን ተቅማጥ ያስይዙታል። ተቅማጥ የሚመላለስበት ልጅ የበላው አይረባውም፤ ዕድገቱም ይቀጭጫል።

ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ተጠንቶ በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። ዶሮ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ የልጆች ቁመት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዶሮዎቹ ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት ግን ይህ ጥቅም ሲጎድል ታይቷል። እንግዲህ ዶሮዋን አትተዉ፤ ማደሪያዋን ለውጡ።

ቦታውን ስትመርጡ እነዚህን ልብ በሉ፦

1ኛ/ ከቤት ይለይ፤ ነገር ግን አይራቅ። ከመኝታ ቤታችሁ 10 እርምጃ ያህል ቢሆን፣ ሌሊት ዶሮዎቹ ሲንጫጩ ትሰማላችሁ። ከማድ ቤትና ልጆች ከሚጫወቱበት ደጅ ግን ፈቀቅ ይበል።

2ኛ/ ውሃ የማይቆምበት ይሁን። በወለጋ የክረምቱ ዝናብ ብርቱና ረጅም ነው፤ ስለዚህ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ዙሪያውንም ቦይ ቅደዱ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራ።

3ኛ/ የጧት ፀሐይ ያግኝ። በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር ውስጡ ቶሎ ይደርቃል። ነፋስ ሽታውን ወደ ቤት በሚያመጣበት በኩል አትሥሩት።

4ኛ/ ከምስጥ ይጠበቅ። በመንዲና በነጆ በኩል ምስጥ ስንቱን ቤት እንደጣለ ታውቃላችሁ። ኩይሳ ካለበት ራቁ። ቋሚዎቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙና በማገር አጥብቃችሁ እሰሩ። ምስጥ የጭቃ መንገዱን በድንጋዩ ላይ ሲሠራ ይታያል፤ ወዲያው ጥረጉት።

ለ6 ዶሮዎች 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ይበል። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የቆጥ ቦታ፣ ለሁሉም ደግሞ ጭድ የተነጠፈበት 2 መጣያ አዘጋጁ። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካልና ግድግዳው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይኑረው። በሩም ማታ ማታ ይቀርቀር።

ዶሮ የለመደችውን ቆጥ ቶሎ አትረሳም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲመሽ ወደ ቤት ልትመለስ ትሞክራለች። እናንተም ሳትሰለቹ እየያዛችሁ አዲሱ ቤት አስገቧት፤ ትለምደዋለች። አሮጌውን ቆጥ አፍርሱ፤ ወለሉንም ጠርጋችሁ እንደገና ለቅልቁ።

ኩሱን በየጊዜው ጠርጋችሁ በጉድጓድ ቅበሩ። ዶሮ ወይም ዕንቁላል ከነካችሁ በኋላ፣ በተለይም ልጅ ከማብላታችሁ በፊት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ቢጠፋ አመድ አይጠፋም። ዕንቁላሉንም ሳይበስል ለልጅ አትስጡ።