የዘገየ ኮምፒዩተር ምርመራ

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ከገላባትም ድልድዩን ተሻግሮ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ካላዛር የሚባለው በሽታ ለብዙ ዘመን ሰው ሲፈጅ ኖሯል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ስትሆን፣ ከሚጠቁት መካከል ብዙዎቹ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ስለሆነም በየጤና ጣቢያው ስንት ሕመምተኛ እንደ ተገኘ ቶሎ ካልታወቀ፣ መድኃኒቱ ወደሚያስፈልግበት ስፍራ በጊዜው አይደርስም።

ዛሬ በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን የጤና መረጃ ከሚመዘገብባቸው ፕሮግራሞች አንዱ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ነው። አገልጋዩ የተጻፈው በ1987 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በጃቫ ቋንቋ ነው። የወር ሪፖርት በሚዘጋበት ሰሞን ቅጹ ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ፣ እንዲህ ያለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ሊዘገይ ይችላል። መዝጋቢው ቁልፉን ተጭኖ ይጠብቃል፤ መልስ ግን የለም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ባለሙያ የሚቸኩለው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ለማስነሣት ነው። ይህ ለጊዜው ፋታ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን የሕመሙን ምልክት አብሮ ያጠፋል። ሕመምተኛው የሚመረመረው ሳይሞት እንደ ሆነ ሁሉ፣ አገልጋዩም መመርመር ያለበት እየሠራ ሳለ ነው።

ፕሮግራሙ ሥራውን የሚያከናውነው «ትሬድ» በሚባሉ፣ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ ክሮች ነው። «ጄስታክ» የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱ ክር በዚያች ቅጽበት በየትኛው የፕሮግራሙ መስመር ላይ እንዳለ ጽፎ ያወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ያሳስታል፤ በዐሥር በዐሥር ሴኮንድ ልዩነት ሦስት አራት ጊዜ ማስጻፍ ይገባል። በሁሉም ላይ ሥራ ይዞ ከስፍራው ያልተንቀሳቀሰ ክር ተጠርጣሪ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ክሮቹ ወደ መረጃ ቋቱ የሚያደርስ መስመር የሚጠብቁ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቋቱ ነው፤ ምናልባት ጥቂት ረዣዥም ጥያቄዎች መስመሮቹን ይዘው ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት ይደክም እንደ ሆነ ደግሞ የ«ጋርቤጅ ኮሌክተር»ን መዝገብ መመልከት ነው፤ የማስታወሻው ክፍል ሲጣበብ ጃቫ ጊዜውን በጽዳት ይጨርሳልና።

ጠባቡ ስፍራ ሳይታወቅ ሌላውን ማስፋት ከንቱ ድካም ነው። ከገዳሪፍ የሚመጣው መንገድ በእጥፍ ቢሰፋ፣ በድልድዩ አፍ የሚሰለፈው የጭነት መኪና ይበዛል እንጂ አያንስም። እንዲሁም ቋቱ ተጨናንቆ ሳለ በ«ቶምካት» ላይ አስቀድሞ የተወሰነውን የ200 ክር ጣሪያ ወደ 400 ማሳደግ ተሰላፊውን ያበዛል። ለሰንጠረዡ ማውጫ አበጅቶ ረጅሙን ጥያቄ ማሳጠር ግን አንድ ክር ሳይጨመር ሰልፉን ሊበትነው ይችላል።

ጥያቄዎች

1. አገልጋዩን አጥፍቶ ማስነሣት ምርመራውን የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?
2. ክሮቹ ተሰልፈው ሳለ ፕሮሰሰሩ ሥራ ቢፈታ ምን ያመለክታል?
3. «ፋታ»፣ «ይጎርፋል»፣ «ተጨናንቆ» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።