ወይን ጠጅን አይቶ፥ አሽትቶና ቀምሶ ስለ መግዛት

በአዲስ አበባ ከተማ በቡልጋሪያና በካዛንቺስ ሰፈር ወይን ጠጅ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ደንበኛው «ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀው ብዙውን ጊዜ የሚመልስለት ዋጋውን ወይም የተለጠፈውን ወረቀት ማማር አይቶ ነው። አስመጪውም እንዲሁ በወረቀት የሚገዛ ከሆነ፥ ቀረጥ የከፈለበትን የማይሸጥ ዕቃ በመጋዘኑ ታቅፎ መቅረቱ አይቀርም።

ወረቀቱ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ኢጣሊያ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የወይን ጠጆቿን የትውልድ ስፍራ ታስከብራለች፤ ባሮሎ ኔቢዮሎ ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ ይጠመቃል፤ ኪያንቲ ክላሲኮም ከመቶ 80 እጁ ሳንጆቬዜ መሆን አለበት። በካሊፎርኒያም የዘሩ ስም በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ቢያንስ ከመቶ 75 እጁ ከዚያው ዘር ሊሆን ይገባል። ይህ ሁሉ ግን ለትውልዱ እንጂ ለጤናው አይመሰክርም።

በ1976 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጆች ስማቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳውያን ቀማሾች ቢያቀርብ፥ በነጩም በቀዩም የካሊፎርኒያው አንደኛ ወጣ። ወረቀቱን አይተው ቢሆን ኖሮ ፍርዳቸው ሌላ ሳይሆን አይቀርም ነበር። ስለዚህ ናሙና የሚቀምስ ነጋዴ አስቀድሞ ጠርሙሱን በጨርቅ ይጠቅልል።

ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ቀድቶ በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሎ ቀለሙን ይመልከት። ቀዩ ሲያረጅ የሸክላ መልክ ይይዛል። ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ነጭ ወይን ጠጅ ግን ቡናማ ሆኖ ከተገኘ አየር አበላሽቶታል። ሲሸት የእርጥብ ካርቶን ጠረን ካለው ጉድለቱ የቡሹ ነውና፥ ሌላ ጠርሙስ ሳይከፈት በጭነቱ ሁሉ ላይ አይፈረድም። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ከሆነ ግን አለመግዛት ነው።

ቡና ላኪዎች የመቅመሱን ሥራ አሳምረው ያውቁታል፤ በአፍ ውስጥ አንከባልሎ መትፋት እንጂ መዋጥ አይገባም፤ ስድስት ናሙና የዋጠ ሰው ሰባተኛውን ሊመዝን አይችልምና። የባሮሎና የኪያንቲ ጣዕም ኮምጠጥ ያለ፥ ድድንም ጨምድዶ የሚይዝ ነው፤ ይህ ጠባዩ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ፀሐይ የጠገበው የካሊፎርኒያ ካበርኔ ሶቪኞ የበሰለ ፍሬ ጣዕም አለው፤ አልኮሉም ጠንከር ይላል። የአዋሽን አክሱሚት ጣፋጭነት የለመደ ደንበኛ ሳይነገረው ባሮሎ ቢሸጥለት «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ምላሱን በአነስተኛ ወጪ ሊያሠለጥን የሚሻ ባለሱቅ፥ ጉደርን ከአክሱሚት ጋር፥ ካስቴል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውን የዝዋይ ወይን ጠጅም ከውጭው ጋር እያስተያየ ቢቀምስ ብዙ ይማርበታል።

ከሁሉ የሚከፋው የመንገዱ ሙቀት ነው። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በብረት ኮንቴይነር ውስጥ የሰነበተ ወይን ጠጅ ቡሹ ወደ ላይ ይገፋል፤ በአንገቱ ላይ የፈሰሰው ይደርቅበታል፤ ሽታውም ማርማላታ ይሆናል። ናሙናው በአውሮፕላን፥ ጭነቱ በመርከብ የመጣ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው የቀመሰውና የተረከበው አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን ሲቀምስ ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ ያኑር፤ ጭነቱ ሲደርስም ከልዩ ልዩ ካርቶኖች ጥቂት ጠርሙሶች አውጥቶ ከጽሑፉ ጋር ያስተያይ። በባለሱቁ በኩል፥ ቡሽ ያለው ጠርሙስ በጥላ ስፍራ በጎኑ ይተኛ። በመስኮት ቆሞ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ለመሸጥ አይታሰብም፤ ለማሳያ ባዶ ጠርሙስ ይበቃል።